መሐንዲሱ ልጃችሁ ወደ መከላከያ ፋብሪካ ሲጠራ



በረሆቮት ከተማ በሄርዝል ጎዳና ከገበያው አካባቢ ተነስቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው አትክልት ሻጩን፣ ባንኩን፣ የልብስ ሱቁንና ፈላፈል ቤቱን እያለፈ በመጨረሻ ከቫይዝማን የሳይንስ ተቋም በር ይደርሳል። ከዚያ ከፍ ብሎ፣ ረሆቮትና ኔስ ጽዮና በሚዋሰኑበት ቦታ፣ መስታወት የለበሱ የፋብሪካና የምርምር ሕንፃዎች ተደርድረዋል። ከኪርያት ሞሼ እየተነሱ በየማለዳው ወደዚያ የሚያቀኑ ወገኖቻችን ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። አብዛኞቹ ግን በዚያ በር ይገቡ የነበረው መጥረጊያ ይዘው፣ አለዚያም የዘበኛ ልብስ ለብሰው ነው። ሥራ ክቡር ነው፤ ነውር የለበትም። ሆኖም የምህንድስና ዲግሪ በሻንጣው ይዞ የመጣ ሰው የሌላውን መሐንዲስ መታወቂያ እያየ በር ሲከፍት መዋል የለበትም።

አሁን አሁን ወደ ማኅበራዊ ሠራተኞች ሌላ ዓይነት ጥያቄ ይዘው የሚመጡ ወላጆች አሉ። ልጃቸው በውኃ ሥራ፣ በመብራት ኃይል፣ በመንገድ፣ በኮምፒዩተር ወይም በፋብሪካ መሐንዲስነት የሠለጠነ ነው። «የጦር መሣሪያ ከሚሠራ ድርጅት ጠሩት፤ ይሂድ ወይስ ይቅር?» ይላሉ። አንዳንዱ ይህን የሚጠይቀው እልል ሊል ምንም ሳይቀረው ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በሩ መዘጋቱን አይቶ ነው። የሁለቱም ስሜት ምክንያት ስላለው በዛሬው ርእሰ አንቀጽ ነገሩን ዘርዘር አድርገን ልንመለከተው ወደድን።

ጥሪው የበዛበት ምክንያት የታወቀ ነው። ኦክቶበር 7 ቀን 2023 ከተጀመረው ጦርነት ወዲህ የአገሪቱ ጦር የሚያዘው መሣሪያ በዛ፤ የውጭ አገር ገዢዎችም በዙ። እስራኤል ወደ ውጭ የሸጠችው የመከላከያ ዕቃ በ2023 ዓ.ም. 13.1 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2024 ወደ 14.8 ቢሊዮን ዶላር ተጠጋ። ትእዛዝ ሲበዛ ሠሪ እጅ ይፈለጋል። ከትልልቆቹ ድርጅቶች መካከል ራፋኤልና የእስራኤል አየር ኢንዱስትሪ የመንግሥት ናቸው፤ ኤልቢት ደግሞ የግል ነው። ከእነሱ ሥር ሽቦ፣ ሳጥን፣ ሌንስ፣ ባትሪና ፕሮግራም የሚያቀርቡ ብዙ ትንንሽ ድርጅቶች አሉ። እነዚህ ሁሉ ዕድሜ ልኩን ስለ ጦር መሣሪያ ሲያጠና የኖረ ሰው ብቻ ቢፈልጉ ኖሮ በቂ ሠራተኛ ባላገኙም ነበር። ስለዚህ ከሌላው ኢንዱስትሪ ይወስዳሉ።

በነገራችን ላይ፣ በኡልፓን ከምትማሩት ቃል ሁሉ ያለ ድካም የምታገኙት ይህንን ነው፤ በዕብራይስጥ መሐንዲስ «መሃንዴስ» ይባላል። እኛም እነሱም ከዐረብኛ ወስደነዋል። «ሀንዳሳይ» የሚባለው ግን ሌላ ነው። እሱ ሁለት ዓመት ያህል የቴክኒክ ኮሌጅ ትምህርት የጨረሰ ባለሙያ እንጂ ባለ ዲግሪ መሐንዲስ አይደለም። ቅጽ ስትሞሉ ሁለቱን እንዳታቀላቅሉ።

ወደ ጉዳዩ እንመለስ። «ውኃ የተማረ ልጅ ሚሳይል ምን ያውቃል?» ለሚሉት አንባቢዎች መልሱ ከራሳችን መንደር ይጀምራል። አባቶቻችን በጎንደር በኩል ብረት ቀጥቃጮች ነበሩ። ማረሻና ማጭድ የሠራው እጅ የጦር ጫፍም ይሠራ ነበር። ወናፉ አንድ፣ ከሰሉ አንድ፣ መዶሻውም አንድ ነው። ገበሬው ቀን ማረሻውን ሊያስተካክል እየመጣ ማታ «ቡዳ» እያለ ሲሸሸን፣ የፈራውና የፈለገው ያንኑ አንድ እውቀት ነበር። ብረት ምን ያህል ሲግል እንደሚታጠፍ የሚያውቅ ሰው፣ የሚታጠፈው ነገር ለእርሻም ይሁን ለጦርነት፣ እውቀቱ እውቀት ነው።

በሄርዝል ጎዳና ጫፍ ያለው ተቋም ስሙን ያገኘው ከዶክተር ሐይም ቫይዝማን ነው። የእስራኤል የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት መሆናቸውን ሁላችሁም ትሰማላችሁ፤ ኬሚስት መሆናቸውን ግን ብዙ ሰው ያልፈዋል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ይፈልጉ የነበረው ሰው ሠራሽ ጎማ ነበር። እህል ውስጥ ያለውን ስታርች የሚያብላላ ባክቴሪያ አገኙ። እንደ ጠላ ጥንስስ ማለት ነው፤ ነገር ግን ከዚህ ጥንስስ የሚወጣው አሴቶን የሚባል ፈሳሽ ነበረበት። ጦርነቱ በ1914 ሲጀመር ደግሞ እንግሊዞች ለጥይትና ለመድፍ የሚሆነውን ባሩድ ለመሥራት አሴቶን አጠራቸው። ጎማ ፍለጋ የተጀመረው ሥራ በአንድ ጊዜ የጦር ሥራ ሆነ። በትልቅ መጠን የተሞከረውም አዲስ ፋብሪካ ተሠርቶለት አልነበረም። ለንደን ውስጥ ጂን የሚባለው አረቄ በሚወጣበት ቤት ነበር። እህል ባጠረ ጊዜ፣ በ1917፣ የእንግሊዝ የትምህርት ቤት ልጆች ከየዛፉ ሥር የማይበላ የደረት ነት ፍሬ እየለቀሙ ለዚሁ ሥራ እንዲያመጡ ተደርጓል።

እንግዲህ አረቄ ቤት ባሩድ ቤት ከሆነ፣ በጎንደር በዳሽን ቢራ ፋብሪካ የሠራ መሐንዲስ ምን ይጎድለዋል? ቧንቧ፣ ግፊት፣ ሙቀት፣ መቆጣጠሪያና ቫልቭ ያውቃል። የውኃ መሐንዲስ ፓምፕና ግፊት የሚያውቀውን ያህል፣ መሣሪያ የሚያቀዘቅዝና ዘይት በግፊት የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት ሊማር ይችላል። በቴሌ የሠራ ሰው የሬዲዮ ሞገድ ያውቃል። የሕንፃ መሐንዲስም አይቅርበት፤ ከ1991 የባሕረ ሰላጤ ጦርነት በኋላ፣ ከ1992 ጀምሮ፣ በየአዲሱ ቤት የሚሠራው «ማማድ» የሚባለው የተጠናከረ ክፍል የእሱ ሥራ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የዋለ ሰው የፓራሹትና የጥይት መከላከያ ልብስ ነገር አይገርመው። በመድኃኒት ፋብሪካ ጥራት ይቆጣጠር የነበረ ሰው ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ቶሎ ሊለምድ ይችላል። ምክንያቱም የሁለቱም ሥራ ሕግ አንድ ነው፤ ያልተጻፈ ነገር እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ከዚህ ሁሉ ግን ለአዲስ ገቢ ይበልጥ የሚቀርበው የኢማኑኤል ጎልድበርግ ታሪክ ነው፤ ይህን ሰው በስም የሚያውቀው ጥቂት ነው። በ1881 ሞስኮ ተወለደ። መሐንዲስ ለመሆን ፈልጎ በአይሁድነቱ በሩ ስለተዘጋበት ኬሚስትሪ ተማረ። ወደ ጀርመን ሄዶ በ1906 በላይፕዚግ የዶክትሬት ዲግሪውን ተቀበለ፤ ከዚያም የፎቶግራፍና የሲኒማ ካሜራ ሥራ ውስጥ ገባ። ድሬዝደን በሚገኘው ትልቁ የካሜራ ድርጅት፣ በዛይስ ኢኮን፣ ሥራ አስኪያጅ እስከመሆን ደረሰ። በእጅ የሚያዝ ኪናሞ የተባለ ትንሽ የሲኒማ ካሜራ ሠርቷል። በማይክሮፊልም ላይ የተቀመጠን ጽሑፍ በብርሃን እየፈተሸ የሚፈልግ መሣሪያም ፈጥሯል፤ ይህም ዛሬ ልጆቻችን በኮምፒዩተር ቃል እንደሚፈልጉት ያለ ነገር ነው። በኤፕሪል 1933 ናዚዎች አፍነው ወሰዱት፤ ሥራውንም እንዲለቅ አስገደዱት። ወደ ፈረንሳይ ሸሸ። በ1937 ወደዚህ አገር ሲመጣ ዕድሜው 56 ዓመት ገደማ ነበር።

56 ዓመት! በዚህ ዕድሜ ወደ መርከዝ ክሊታ የሚገቡ ስንት አባቶች «እኔማ አበቃልኝ፣ ለልጆቹ ነው የመጣሁት» ይላሉ። ጎልድበርግ ቴል አቪቭ ውስጥ ትንሽ የትክክለኛ መሣሪያዎች ቤተ ሙከራ ከፈተ። አገሩ ድሀ ነበር፤ ሲኒማ ካሜራ የሚገዛ ሰውም አልነበረም። ሌንስ መሞረድና ብርሃን መለካት የሚችል እጅ ግን ለጦር መሣሪያ ይፈለግ ነበር። ያቺ ቤተ ሙከራ እያደገች ሄዳ ኤል-ኦፕ የተባለው፣ እዚሁ ረሆቮት ያለው የኤሌክትሮ-ኦፕቲክስ ፋብሪካ ሆነች፤ በ2000 ዓ.ም. ከኤልቢት ጋር ተዋሐደች። ጎልድበርግ በ1968 የእስራኤል ሽልማትን ተቀብሎ በ1970 አረፈ። ከኪርያት ሞሼ የሚሄደው ዘበኛ የሚጠብቀው በር፣ በስተ መሠረቱ፣ የአንድ ስደተኛ የካሜራ መሐንዲስ በር ነው ብንል ብዙም አልተሳሳትንም።

ይሁን እንጂ መንገዱ ወደ አንድ ወገን ብቻ አይሄድም፤ ልጃችሁን ከመላካችሁ በፊት ይህንን ልብ በሉ። የእስራኤል አየር ኢንዱስትሪ ላቪ የሚባል ተዋጊ አውሮፕላን ይሠራ ነበር። አውሮፕላኑ በዲሴምበር 1986 መጨረሻ በረረ። በኦገስት 30 ቀን 1987 የሚኒስትሮች ምክር ቤት 12 ለ 11 በሆነ ድምፅ ሥራው እንዲቆም ወሰነ። አንድ ድምፅ ነው! በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ መሐንዲሶችና ሠራተኞች ሥራቸው ቀረ። ያን ጊዜ የሲቪሉን ኢንዱስትሪ የለመዱት፣ እውቀታቸውን በሌላ ስም መጥራት የቻሉት፣ በመገናኛ፣ በኮምፒዩተርና በሕክምና መሣሪያ ሥራ ገቡ። በመከላከያ ሥራ ገዢው አንድ ነው፤ መንግሥት ነው። ወደ ውጭ ለመሸጥም የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል። በጀት ሲጠብ ወይም ሰላም ሲወርድ፣ ያው ዛሬ የሚጠራው በር ያሰናብታል።

በራሱ ፈቃድ የወጣም አለ። ጋብሪኤል ኢዳን የራፋኤል መሐንዲስ ነበር፤ የሚሳይል ዓይን የሚባለውን የካሜራ ሥራ ያውቅ ነበር። የአንጀት ሐኪም ከሆነ ጎረቤቱ ጋር ሲጨዋወት፣ እንደ ኪኒን የምትዋጥ ትንሽ ካሜራ አሰበ። ጊቨን ኢሜጂንግ የተባለው ድርጅት በ1998 ተቋቋመ፤ ካሜራዋም በ2001 በአሜሪካ ተፈቀደች። ዛሬ ሆዱን የታመመ ሰው ያቺን ኪኒን ውጦ ሐኪሙ የአንጀቱን ሥዕል ያያል። ጎልድበርግ ከሲኒማ ወደ ጦር መሣሪያ ገባ፤ ኢዳን ከሚሳይል ወደ ሆድ ሕክምና ወጣ። ሁለቱም ሌንስ ነው የያዙት።

አሁን በሹክሹክታ ወደሚጠይቁን ወላጆች እንመለስ። የእነሱ ነገር በደመወዝና በዲግሪ አያልቅም። በቅርብ ዓመታት ከጎንደር የመጣ ሰው «ድሮን» የሚለውን ቃል የሰማው እዚህ አይደለም። በሰሜኑ ጦርነት ከኖቬምበር 2020 እስከ ኖቬምበር 2022፣ በአማራ ክልልም ከ2023 ወዲህ በተደረገው ውጊያ፣ ይህ ቃል በየቤቱ ገብቷል። በድሮን ጥቃት ሰላማዊ ሰዎች መሞታቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በ2023 ገልጿል። በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ከጎንደርና ከባሕር ዳር ከ200 በላይ ሰዎች በአውሮፕላን ወጥተው ወደ አዲስ አበባ ተወስደዋል። እንግዲህ የሰማይ ድምፅ ሰምታ ልጆቿን አልጋ ሥር ያስገባች እናት፣ እዚህ ልጇ መጥቶ «እማዬ፣ ድሮን የሚሠራ ድርጅት ተቀበለኝ» ሲላት ዝም ብትል አይፍረዱባት። ያው እናት ደግሞ እዚህ ሲሬን ሲጮህ ወደ ማማድ ሮጣለች፤ ከላይ የመጣውን ሮኬት በአየር ላይ የመታውም የመሐንዲሶች ሥራ ነው። ሁለቱንም በአንድ ልብ ተሸክማለች።

እኛ በዚህ ላይ «ሂድ» ወይም «አትሂድ» አንልም። የምንለው ይህ ነገር በቤት ውስጥ በግልጽ ይነገር ነው። ሥራው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የሚመጣውን ሮኬት የሚመታ አለ፤ የሚተኮስ አለ፤ የቆሰለን ሰው የሚያወጣ ተሽከርካሪ አለ፤ ለሌላ መንግሥት የሚሸጥ አለ። ልጁ የቱ ላይ እንደሚሠራ በዝርዝር ሊነግራችሁ ባይችልም፣ ለራሱ ግን ጠይቆ ሊያውቅ ይገባዋል። «በዚህኛው አልሠራም» ቢል ውለታ ቢስ አይባልም። «እሠራለሁ፣ አገሬን አገለግላለሁ» ቢልም ደም የጠማው አይባልም። ወላጅ ለደመወዙ ሲል ብቻ እየገፋው ከሆነ ግን ያ ልጅ ማታ ማታ የሚያጫውተው ሰው ያጣል።

ስለ ማጫወት ካነሳን፣ ምሥጢር የሚሉት ነገር አለ። በዚህ ሥራ ያለ ሰው የዋለበትን አይናገርም። እናት በለቅሶ ቤት፣ በሠርግ ቤት፣ በቡና ላይ «ልጄ እንዲህ ያለውን መሣሪያ ይሠራል» ማለት ያምራታል፤ ማን ይፈርድባታል? ነገር ግን ወሬው የልጇን እንጀራ ሊያሳጣ ይችላል። «መሐንዲስ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ማለፍ ትችላለች። እኛ ሆድ ይፍጀው ማለትን የምናውቅ ሕዝብ ነን። በዚሁ በረሆቮት ከ1945 እስከ 1948 ከመሬት ሥር በነበረ ድብቅ ፋብሪካ፣ ዛሬ አያሎን ተቋም ተብሎ በሚጎበኘው ቦታ፣ ወጣቶች ከሁለት ሚሊዮን በላይ ጥይት ሠርተዋል። ከላዩ የልብስ ማጠቢያና ዳቦ ቤት ነበረ፤ የማጠቢያው ጩኸት የመኪናዎቹን ድምፅ ይሸፍን ነበር። ከመሬት ሥር የዋሉት ፊታቸው እንዳይገረጣና እንዳይነቃባቸው በመብራት ይሞቁ ነበር። ከኪቡጹ ሰዎች መካከል ምሥጢሩን ያልተነገራቸው በማኅበሩ ዘንድ «ቀጭኔ» ይባሉ ነበር። እናንተም በልጃችሁ ቤት ቀጭኔ ስትሆኑ አይክፋችሁ።

ከምንም በላይ ግን ልጆቻችንን የሚያሰናክለው ወረቀት ነው። ለዚህ ዓይነት ሥራ «ሲቩግ ቢትሖኒ» የሚባል የደህንነት ፈቃድ ይጠየቃል፤ ለሁሉም ሥራ እኩል ደረጃ አይደለም፣ ለአንዳንዱ ይጠነክራል፣ ለአንዳንዱ ይላላል። ቅጹ ስለ ሰውየው ብቻ አይጠይቅም፤ ስለ አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ እህት፣ በውጭ አገር ስለሚኖር ዘመድ፣ ስለተጓዘበት አገር ይጠይቃል። የእኛ ነገር የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። እኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም፤ ልጅ በአባቱ፣ አባት በአያቱ ስም ይጠራል። እዚህ ሲመዘገብ አንዱ ወንድም የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይገኛል። የልደት ቀኑማ ተውት! የኢትዮጵያው አቆጣጠር በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ ሳይመልሱ የጻፉትና መልሰው የጻፉት ወረቀት ሲጋጩ ልጅ ከእናቱ ብዙም የማያንስ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ስሙ በዲፕሎማው ላይ አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ሌላ፣ በቴዑዳት ዜሁቱ ሦስተኛ ዓይነት ይጻፋል። ይህን የማያውቅ ጸሐፊ ሲያየው «ሰውየው የሚደብቀው ነገር አለ» ሊመስለው ይችላል።

ስለዚህ ጥሪው ከመምጣቱ በፊት፣ ዛሬውኑ፣ አንድ ትልቅ ወረቀት ይዘጋጅ። የእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል ስም በአማርኛ፣ በዕብራይስጥና በላቲን ፊደል ይጻፍበት። የልደት ዓመቱ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። ማን ጎንደር እንዳለ፣ ማን አዲስ አበባ እንዳለ፣ ማን በየትኛው ዓመት እንደመጣ ይጻፍ። ይህን ሥራ የሚችሉት ደግሞ ዕብራይስጥ ያልገባቸው ሽማግሌዎች ናቸው። ለጋብቻ ሲባል እስከ ሰባት ቤት ዘር መቁጠር ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። መሐንዲሱ የልጅ ልጅ ብዕሩን ይያዝ፣ አያት ይቁጠሩ። የተሳሳተ ስም ወይም ቀን ካለ በሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በጊዜ ማስተካከል ይቻላል፤ ቅጹ ከገባ በኋላ ግን ማብራሪያው ይረዝማል።

«ወንድሜ ጎንደር ነው ካልሁ አይቀበሉኝም» ብሎ የሚደብቅ አለ። አይደበቅ። ወንድም ጎንደር መኖሩ ወንጀል አይደለም፤ የተደበቀ ወንድም ሲገኝ ግን ጥያቄው ስለ ወንድሙ መሆኑ ቀርቶ ስለ ልጁ እውነተኛነት ይሆናል። የሚላክ ገንዘብ ካለ፣ ለማን እንደሚላክ በትክክል ይነገር። ሌላም አለ። ፈቃድ ያለው ሠራተኛ ወደ ውጭ አገር ከመሄዱ በፊት ማስታወቅ፣ አንዳንድ ጊዜም ፈቃድ መጠየቅ ሊኖርበት ይችላል። መርዶ ደግሞ ቀን ቆጥሮ አይመጣም። አጎቱ ጎንደር ሲሞት በማግሥቱ ልሂድ የሚል መሐንዲስ፣ ይህ እንዴት እንደሚሆን ሥራውን ሲጀምር ይጠይቅ እንጂ በለቅሶው ቀን አይጠይቅ።

ከዚህ ቀደም ብሎ የሚፈጸመውን በአጭሩ እንለፈው። የውጭ አገር ዲግሪ በትምህርት ሚኒስቴር በኩል ይመዘናል። በ1958 በወጣው ሕግ መሠረት በመሐንዲሶችና በአርክቴክቶች መዝገብ መመዝገብም ይጠቅማል። ዕብራይስጡ በኡልፓን አያልቅም፤ የሙያው ዕብራይስጥ ሌላ ነው፣ የመሣሪያው ጽሑፍ ደግሞ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። በ2011 የወጣው ሕግ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በመንግሥት ኩባንያዎች ለኢትዮጵያ ተወላጆች ተገቢ ውክልና እንዲኖር ያዛል። ይህን ማወቅ ልመና አይደለም። አንድ ስሙን የማልጠራው ድርጅት፣ በምህንድስና ዲግሪ ላመለከተ ወጣት «ለጊዜው በመጋዘን ጀምር» ብሎት፣ ያ «ለጊዜው» አራት ዓመት ሲሆን አይቻለሁ። «ለጊዜው» የሚል ቃል ሲመጣ፣ ስንት ወር እንደሆነ በጽሑፍ ይጠየቅ።

ሥራው ራሱ ምን ይመስላል? ከሃይ-ቴክ የመጡት በመጀመሪያ የሚያማርሩት ዝግታውን ነው። በስልክ ላይ የሚጫን ፕሮግራም ቢሳሳት በሚቀጥለው ሳምንት ይታረማል። መጋዘን ውስጥ ብዙ ዓመት ተቀምጦ፣ በበረሃ ሙቀትና በሔርሞን ብርድ ወጥቶ፣ በመጀመሪያው ጊዜ መሥራት ያለበት ዕቃ ግን አሥር ጊዜ ይፈተሻል፤ ለእያንዳንዱ ብሎን ወረቀት አለው። ይህን ዝግታ የሚወድ ሰው አለ። የማይወደው ደግሞ ደመወዙ ጥሩ ቢሆንም ይታመማል።

የመውጫውን ነገር ለመጨረሻ ያቆየነው በምክንያት ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት የምትባል ቦታ አለች። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከአውሮፓ የመጡ የእጅ ሙያ ያላቸው ሚሲዮናውያን እዚያ ሰፍረው ነበር። ከዚያ ማኅበር አንዱ የነበረው ፍላድ ኋላ ወደ እኛው መንደሮች ለመስበክ መጥቷል፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው። ሰዎቹ የመጡት መጽሐፍ ቅዱስና የእጅ ሙያ ይዘው ነበር። ንጉሡ መጀመሪያ ልዩ ልዩ ሥራ አዘዟቸው፤ ከዚያ መድፍ ሥሩ አሏቸው። መድፍ ሠርተው አያውቁም ነበር። እየተሳሳቱ፣ እየደገሙ፣ ሴባስቶፖል የተባለውን፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ትልቅ መድፍ አፈሰሱ። መድፉ በሰው ጉልበት እየተጎተተ በ1868 መቅደላ ደረሰ። ሠሪዎቹም አብረው ሄዱ፤ ሙያቸው ስለተፈለገ ወደ አገራቸው መመለስ አልተፈቀደላቸውም። የወጡት በዚያው ዓመት በኤፕሪል፣ አፄ ቴዎድሮስ ሞተው የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ነው።

የዛሬው ፋብሪካ ማንንም በገመድ አያስርም፤ ሰው ሲፈልግ ይለቃል። ቢሆንም አሥር ዓመት በምሥጢር ሥራ የቆየ መሐንዲስ ወደ ሲቪሉ ዓለም ልመለስ ሲል «ምን ሠራህ?» ይባላል፤ እሱም ሊናገር አይችልም። የሚያሳየው ሥዕል፣ የሚጠቅሰው ጽሑፍ አይኖረውም። ወደ ኋላ የተወው የውኃ ወይም የመብራት ሙያ ደግሞ በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ ተለውጦ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ልጃችሁ የሲቪል ሙያውን ጨርሶ አይጣል። በዓመት አንድ ኮርስ ይውሰድ፣ በመሐንዲሶች ስብሰባ ይገኝ፣ የድሮ ባልደረቦቹን በዓመት በዓል እንኳ ይደውልላቸው። ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብም ከደመወዙ ሌላ እነዚህን ይጠይቅ፤ ሥራው በስንት ዓመት ትእዛዝ ላይ የተመሠረተ ነው? ትእዛዙ ቢያልቅ ወደ የትኛው ክፍል እዛወራለሁ? ፈቃዱ እስኪመጣ ደመወዝ አለኝ ወይስ ቤት ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ? ከወጣሁ በኋላ በሥራ ታሪኬ ላይ ምን ብዬ እንድጽፍ ይፈቀድልኛል? የመጨረሻውን ጥያቄ መልስ በጽሑፍ ይቀበልና ከዲፕሎማው ጋር ያስቀምጠው።